ሁለት መቶ አስር ጊጋ ባዶ ቦታ

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ካሜራማኑ ስቱዲዮውን ሊከፍት ቁልፉን ቢያወጣ በሩ ሳይቆለፍ ገርበብ ብሎ ጠበቀው። ኤዲተሯ ቀድማኝ ገባች ብሎ እየተነጫነጨ ገፋ አድርጎ ገባ። ኤዲተሯስ አልገባችም፤ ከዋዜማው ጀምሮ አልወጣችም ነበር። ወንበሯ ተገልብጧል፤ እሷ ከትልቁ መብራት የብረት እግር ሥር በጎኗ ተጋድማለች፤ ከጆሮዋ በላይ የፈሰሰው ደም ደርቋል። ካሜራማኑ አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ደስታ ሲቀርጽ የኖረ ሰው ነው፤ ይህን ሲያይ ወደ ኋላ ወጥቶ ለፖሊስ ደወለ።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ መጀመሪያ ያደረገችው ሁልጊዜ የምታደርገውን ነው። ማንም ምንም ሳይነካ ስልኳን አውጥታ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ፎቶ አነሳችው። የጣቢያው ጎረምሶች በዚህ ዓመሏ «ፎቶ ቤት» የሚል ስም አውጥተውላታል። ታውቃለች፤ ተቀይማም አታውቅም። «እናንተ ዓይናችሁን አምናችሁ ስንቱን ረስታችኋል» ትላቸዋለች።

ስቱዲዮው ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተጋርዷል። ጠረጴዛው ላይ ቻርጀሩ እንደተሰካ የተከፈተ ላፕቶፕ አለ፤ ስክሪኑ ላይ አንድ መልእክት ድርቅ ብሎ ቆሟል፦ ማከማቻዎ ሊሞላ ነው፣ የቀረው ባዶ ቦታ 4 ጊጋ። ከኪቦርዱ ጎን በፕላስተር የተለጠፈ ቁራጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ «ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4» ተብሎ ተጽፏል።

«ይሄ ምንድነው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ባዶ ቦታ ነው» አለ ካሜራማኑ፣ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ። «ላፕቶፗ ሁልጊዜ እንደሞላ ነው። ሥራ ስትጨርስ የቀረውን ትጽፋለች። ‹ነገ የማንን ሰርግ እንደማጠፋ ልወቅ› ነበር የምትለው።»

ወረቀቱንም ስክሪኑንም ፎቶ አነሳች። ከዚያ በደንቡ መሠረት ላፕቶፑን አጥፍታ ከረጢት ውስጥ ከተተችው፤ አሽጋ ፈረመችበት። ሐኪሙ ሞቷ ረቡዕ ከቀኑ አስራ አንድ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት መካከል ነው አለ። ወድቃ ነው ወይስ ተገፍታ ሲባል፣ ክንዷ ላይ የቀሩትን አራት የጣት ምልክቶች አሳያቸው።

*

ከታች መደብሩን የሚጠብቀው ሰውዬ ብዙ አላስለፋቸውም። ረቡዕ አስር ሰዓት ላይ የኤዲተሯ ባል መጥቶ ሲጨቃጨቁ ድምፃቸው እስከ እሱ ድረስ ይሰማ ነበር። በመጨረሻም ባልየው በሩን እንደ ጠላት ወርውሮ ወጣ፤ ጠባቂውም ወዲያው መደብሩን ዘግቶ ስለሄደ ከዚያ በኋላ ማንንም አላየም።

ባልየው አናጺ ነው። ሰፊ እጅ፣ ጠባብ ንግግር ያለው ሰው። ጥፍሮቹ ሥር ቫርኒሽ ደርቋል።

«አስራ አንድ ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ወርክሾፕ። ቁም ሳጥን እየቀባሁ።»

«ማን አየህ?»

«ቁም ሳጥኑ።»

«ከባለቤትህ ጋር በምን ተጣላችሁ?»

አናጺው ጥፍሩ ሥር ያለውን ቫርኒሽ መፋቅ ጀመረ።

«ሰውዬ፣ ዝምታህ አንተኑ ነው የሚበላህ።»

ቀና ብሎ አያት፤ ንቀት ይሁን ፍርሃት ሳትለይ ቀረች። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልወጣውም። ታሰረ፤ ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል ተባለ። ሚስቱን የቀበረበት አፈር ሳይደርቅ፣ ቀብሩን እንኳ በፖሊስ ታጅቦ አይቶ፣ ተመልሶ ገባ።

እናቱ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ አልተነሱም። ምሳ ዕቃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የሚያልፈውን ሁሉ ሰላም ይላሉ። ኢንስፔክተሯ ስታልፍ ቀሚሷን ያዝ አደረጓት።

«ልጄ፣ የእኔ ልጅ ሚስማር ሲመታ እንኳ ለእንጨቱ የሚሳሳ ነው። እሷንማ እንዴት አድርጎ!»

«እናጣራለን እማማ።»

«አጣሩ፤ ግን ስታጣሩ ልጄ እንዳያልቅብኝ።»

*

ዐርብ እኩለ ቀን ላይ ኢንስፔክተሯ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ወረደች። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ የማራገቢያው ድምፅ አያቋርጥም። እዚያ የሚሠራውን ባለሙያ ጣቢያው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፤ የታመመ ኮምፒውተር ይዞ መጥቶ ሳይድንለት የተመለሰ ስለሌለ። የተያዘ ስልክ ሆነ ላፕቶፕ በእሱ እጅ ሳያልፍ የትም አይሄድም።

ለእሷ ግን ዶክተር አይደለም። የሟች ባሏ የመጨረሻ ወንድም ነው። እሷ ስታገባ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ የትምህርት ቤት ቦርሳውን ብቻ አንጠልጥሎ ቤታቸው ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ልጅ ላልወለደችው ለእሷ ልጅ ሆነ። ፊደል ያስቆጠረችው እሷ ናት፤ ኩፍኝ ሲይዘው ሌሊቱን ቁጭ ብላ ያነጋችው እሷ ናት። ባሏ ከስድስት ዓመት በፊት ሲሞት ከሬሳ ሳጥኑ ሥር ትከሻውን ያስገባውም፣ አርባ ቀን ሙሉ ከቤቷ ያልጠፋውም እሱ ነው። አሁንም በየረቡዑ እራቱን የሚበላው እሷ ቤት ነው።

«እትዬ፣ ነይ ተቀመጪ» ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት። «ሪፖርቱ አልቋል። ሰርግ ነው፤ ሰርግ በሰርግ። ሰው ማግባት እንዲያስጠላኝ አድርጎኛል።»

«ድሮም ሰበብ ነው የጠፋህ። ካሜራማኑ ‹ጣሪያ› የሚባል ሥራ ላፕቶፑ ውስጥ አለ ብሏል። ፎቅ እየተሠራ እያለ ከጣሪያ ላይ የተነሳ፣ ሁለት መቶ አስር ጊጋ።»

«ነበር። ሰኞ ከሰዓት ራሷ ሰርዛዋለች። መመለስ አይቻልም።»

ኢንስፔክተሯ ስልኳ ላይ ያለውን የወረቀቱን ፎቶ አየች። «ሰኞ ይህን ያህል ከሰረዘች፣ ማክሰኞና ረቡዕ ባዶ ቦታው እንዴት አልጨመረም? እሷ የጻፈችው አምስት፣ አራት እያለ ሲወርድ ነው።»

የሻይ ብርጭቆውን ወደ አፉ ሊያደርስ ጀምሮ ነበር፤ መንገድ ላይ ቆም አደረገው። ወዲያው ሳቀ።

«እትዬ፣ መሰረዝና ቦታ ማግኘት ለየቅል ናቸው። ብትሰርዢውም ላፕቶፑ ቦታውን ወዲያው አይለቅም፤ ይዞት ይቆያል። ይህን ላንቺ ለማስረዳት አንድ ሴሚስተር ያስፈልገኛል።»

«አፍህን ያዝ፤ ማንበብ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።»

«ለዚያ ነዋ ፊደል የምስተው!»

ሳቀች። ደክሟት ስለነበር ሳቁ ደስ አላት። ሪፖርቱን አነበበች፦ ላፕቶፑ በደንቡ መሠረት ራሱ አልተከፈተም፤ ሙሉ ግልባጭ ተወስዶ ምርመራው በግልባጩ ላይ ብቻ ተካሂዷል፤ ላፕቶፑ ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ታሽጎ ዕቃ ቤት ገብቷል። ማስረጃን ማብራት ማስረጃን መንካት ነው የሚለውን ደንብ ከማንም በላይ የምትጮህበት እሷ ናት። ፈረመች።

*

ካሜራማኑ ግን ነገሩን አበላሸባት።

«ሰኞ?» አለ፣ ዐርብ ከሰዓት ጠርታ ስትጠይቀው። «ማክሰኞ ጠዋት ‹ጣሪያ› ላይ እየሠራች ጎኗ ተቀምጬ ነበር እኮ! ደግሞ ሥራው ለባለቤቱ አልተሰጠም፤ ሌላ ቅጂም የለው። አብዳ ካልሆነ በቀር አትሰርዘውም።»

ካሜራማኑን ወይም ዶክተሩን፣ አንዱን ማመን ነበረባት። አሰበችበትም አይባልም፤ ዶክተሩን አመነች። የሚዋሽ ሰው ደግሞ የሚደብቀው አለውና ፊቷን ወደ ካሜራማኑ አዞረች።

«ረቡዕ አስራ አንድ ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ሰርግ እየቀረጽኩ።»

«ይህን ሁሉም ካሜራማን ይለዋል።»

ሰውዬው ምንም ሳይል ካሜራውን ከፍቶ ሰጣት። ሙሽራዋ ትልቅ መስታወት ፊት ቆማ ቬሏን ታስተካክላለች። ከትከሻዋ ኋላ፣ መስታወቱ ውስጥ፣ ካሜራውን የተሸከመው ራሱ በላብ ተጠምቆ ይታያል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አስራ ሁለት ከሩብ ይላል። አዳራሹ ከስቱዲዮው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ሙሽራዋንም ሚዜዎቹንም ጠየቀች፤ ከአስር ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት አብሯቸው እንደነበር ሁሉም ያስታውሳሉ፤ እግራቸው ሥር እየገባ አላስጨፍር ስላላቸው።

እንግዲህ አልዋሸም። አናጺው አይናገርም፣ ካሜራማኑ አይዋሽም፣ ዶክተሩ አይሳሳትም። ኢንስፔክተሯ ያን ቀን ሥራዋን ሳትጨርስ ወደ ቤቷ ሄደች።

*

በኤዲተሯ ቦርሳ ውስጥ የጥገና ደረሰኝ ተገኝቶ ነበር። «አንድ የውጪ ሃርድ ዲስክ» ይላል። ቅዳሜ ጠዋት ኢንስፔክተሯ ደረሰኙን ይዛ ሄደች፤ ምናልባት የጠፋው ሥራ ቅጂው እዚያ ይኖራል ብላ።

ጠጋኙ ከፎቶ ኮፒ ቤት ጎን፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጪ የሚቀርበት ሱቅ አለው። ዲስኩን ከመሳቢያ አውጥቶ ጆሮው ጋ አንቀጫቀጨው።

«ይሄማ ሁለት ወር ሆነው፣ ሞቷል። ቁርጡን ነግሬያታለሁ። ባክአፕ የምታደርገው እዚህ ላይ ነበር። አሁን ፕሮግራሙ ዲስኩን ሲያጣ ቅጂውን የሚያስቀምጠው እዚያው ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ለዚያ ነው ቦታ አለቀብኝ እያለች የምትነጫነጨው። ይማራት፤ ሰው ነበረች።»

ኢንስፔክተሯ ልትወጣ እግሯን አንስታ ተመለሰች።

«እስቲ ልጠይቅህ። ፋይል ተሰርዞ ቦታው ሳይለቀቅ ይቀራል?»

«ይሄን ጥያቄ በቀን አስር ሰው ነው የሚጠይቀኝ» ብሎ ደስ አለው። «ይቀራል እንጂ! ግማሹ ሰው ሰርዞ ቆሻሻ መጣያውን አያራግፍም፤ ዕቃው እዚያ ቁጭ ብሏል። እሷ ግን ይህን አትስትም። አንዳንዴ ደግሞ የከፈተው ፕሮግራም ፋይሉን ጨምድዶ ይይዘዋል። የእሷ ግን ባክአፑ ነው። በየሰዓቱ የላፕቶፑን መልክ ይይዛል። ፋይሉን ብትሰርዢውም እሱ ‹ቆይ፣ ባለቤቱ ቢጸጸትስ› ብሎ ለአንድ ቀን ያህል አይለቀውም።»

«እና ፋይሉ የት ነው ያለው?»

«እዚያው! እኔ ለደንበኛ የምለው፣ መሰረዝ ማለት ከበሩ ላይ የተከራዩን ስም መፋቅ ነው። ስሙ የለም፤ ተከራዩ ግን አልጋው ላይ ተኝቷል። ቦታው ካልተመለሰልሽ ዕቃው አልወጣም ማለት ነው። ሌላ ተአምር የለውም።»

«ሰኞ የተሰረዘ፣ ረቡዕ ማታስ?»

«ማክሰኞ ማታ ለቆ ያድር ነበር።»

ኢንስፔክተሯ የሐሙስ ጠዋቱን ፎቶ አሳየችው። ስክሪኑ አራት ጊጋ ይላል።

«ይሄ መቼ የተነሳ ነው? ሐሙስ? እንግዲህ ፋይሉ የተሰረዘው ረቡዕ መሸት ሲል ነው። ይህን ፎቶ ስታነሺ ደግሞ ሁለት መቶ አስሩም ጊጋ ውስጡ ነበር።» ቀና አለ። «ወዲያው ካጠፋሽው ጊዜውም አይቆጥርም። አሁንም አለ። ከፍቶ ማውጣት ነው።»

ከሱቁ ስትወጣ እየሮጠች ነበር ማለት ይቻላል። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ያማታል። ግን ዶክተሩ ተሳስቷል፤ ተሳስቷል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል፤ ፋይሉ አለ፤ ሲነግራት እንዴት ያፍራል፣ እንዴት ትስቅበታለች!

*

የዕቃ ቤት ኃላፊው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ይፈልጋል።

«ግንባርዎ ላይ ነው» አለችው። «የስቱዲዮውን ላፕቶፕ ያውጡልኝ። በእኔ ፊርማ፣ በእርስዎ ምስክርነት ይከፈታል።»

«አይበራም ይባል የለ?»

«ፊርማው የእኔ ነው።»

የማሸጊያውን ቁጥር ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ፤ አንድ ነው፤ አልተነካም። ላፕቶፑ በራ። ኢንስፔክተሯ ጠጋኙ እንዳሳያት ማከማቻውን ከፈተች።

የዕቃ ቤት ኃላፊው ጎንበስ ብሎ አነበበ። «ሁለት መቶ አስራ አራት ጊጋ ባዶ። ሰፊ ቦታ አላት እኮ!»

ኢንስፔክተሯ ስልኳን አውጥታ የሐሙሱን ፎቶ አየች። አራት። ስክሪኑንም ፎቶ አነሳችው። ሁለት መቶ አስራ አራት።

ሐሙስ ጠዋት ራሷ አጥፍታ ያሸገችው ላፕቶፕ ነው። በሪፖርቱ መሠረት ማንም አልከፈተውም። ያልተከፈተ ላፕቶፕ ደግሞ በራሱ ጊዜ ተነስቶ ቤቱን አይጠርግም። አንድ ሰው ከፍቶታል፤ ከፍቶም ተከራዩን ከነአልጋው አውጥቶ ጥሎታል።

«መዝገቡን ያሳዩኝ» አለች።

ከሐሙስ ስድስት ሰዓት እስከ ዐርብ አምስት ሰዓት ላፕቶፑ የነበረው በአንድ ሰው እጅ ነው። አንድ ፊርማ ብቻ አለ። ያንን ፊርማ ታውቀዋለች፤ የመጀመሪያውን ፊደል እንዲህ አጣምሞ መጻፍ የጀመረው አራተኛ ክፍል እያለ ነው፤ ስንት ጊዜ ተቆጥታዋለች።

ሰበብ ፈለገችለት። በስህተት ነክቶት ይሆናል። ፈርቶ ደብቆ ይሆናል። እሷ የማታውቀው ሌላ አሠራር ይኖር ይሆናል። አንዱም ውሃ አላነሳላትም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ ሞኟ እሷ፣ ደጃፉም የእሷ ነበር። የብርጭቆው መንገድ ላይ መቆም ትዝ አላትና ፊቷ በእፍረት ጋለ።

*

አናጺውን አስጠርታ ከክፍሉ ሌሎቹን አስወጣች።

«አንተ አልገደልካትም» አለችው። «አሁን አውቃለሁ። የምትፈራው እኛን ነው አይደል?»

ሰውዬው ዞሮ በሩ መዘጋቱን አየ። ሲናገር ቀስ ብሎ ነው።

«ፎቅ የሚያነሳው ካሜራ መንገዱንም ያነሳ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ሽማግሌ በመኪና ተገጭቶ ሲወድቅ፣ መኪናው ቆሞ ሲሄድ፣ ሁሉንም ይዞታል። ማክሰኞ አገኘችው። ልናገር አለች። እኔ ደግሞ ተይው፣ ጦስ ነው አልኳት። ጸባችን ያ ነበር። ረቡዕ ስሄድ ‹ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሰው መጥቶ ይወስደዋል› አለችኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ወጥቼ ቀረሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ለእናንተ ነግራ ነው የሞተችው!» አለ። እንባው ያኔ መጣ። «እኔስ ለማን ልንገር? ቁልፉን የያዛችሁት እናንተው፤ ለማን ልንገር?»

ኢንስፔክተሯ ሽማግሌውን ታውቀዋለች፤ ጡረታ የወጣ መምህር ነበር፤ የምርመራ መዝገቡ ገዳዩ ሳይገኝ ሦስት ሳምንት ጠረጴዛዋ ላይ ቆይቷል። በኤዲተሯ የስልክ ዝርዝር ውስጥም የጣቢያውን ቁጥር አይታ ነበር፤ ስለ ጠፋ መታወቂያ ደውላ ይሆናል ብላ አለፈችው። አሁን ወደ ጣቢያው የስልክ ክፍል ሄደች። ስልክ ተቀባይዋ መዝገቧን ገለጠች፦ ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሴት፣ ስለ መኪና አደጋ ምስል አለኝ ትላለች፣ ወደ ኮምፒውተር ክፍል ተላልፏል።

«ምስል ስላለች ነው ለዶክተሩ የሰጠኋት» አለች ስልክ ተቀባይዋ። «አጠፋሁ እንዴ?»

«አላጠፋሽም።»

የዶክተሩ መኪና ቀለም ቤት ከገባ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። የግንብ ጥግ ፋቀኝ ብሏት ነበር፤ እሷም ዓይንህን ግለጥ ብላው ነበር።

*

የጣቢያው አዛዥ ሁሉንም ሰምቶ መነጽሩን አወለቀ። «ሌላ ሰው ልላክ?»

«እኔ ነኝ የምሄደው» አለች። «ሁለት ልጆች በሩ ላይ ይቁሙልኝ።»

ዶክተሩ እንደ ሁልጊዜው ወንበሩን ለቀቀላት። አልተቀመጠችም። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጋ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«አንብብልኝ» አለች።

«ምንድነው እትዬ?»

«አንብብ።»

«አራት» አለ። ስልኩን ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

«ሁለተኛውንም።»

«ሁለት መቶ አስራ አራት።» ቁልቁል አየ። «ያን ቁጥር ሰው ያየዋል ብዬ አልገመትኩም። ዐርብ ስትጠይቂኝ ታሽጎ ገብቶ ነበር።»

«ሽማግሌውን ንገረኝ።»

«ዝናብ ነበር። ድንገት ነው የገባብኝ። ወርጄ አይቼዋለሁ፤ እውነቴን ነው፤ አልቆ ነበር፤ ምንም ማድረግ አልችልም ነበር።»

«አርባ ደቂቃ ኖሯል» አለችው። «የሐኪሙን ወረቀት ያነበብኩት እኔ ነኝ። አርባ ደቂቃ ዝናብ ላይ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ኢንስፔክተሯ አላዘነችለትም፤ ማዘን እንዳለባት ብታውቅም ማዘኑ አልመጣላትም።

«ሴትየዋስ?»

«ሰርዤ ልወጣ ነበር። ስሰርዝ አየችኝ። ምን እያደረግህ ነው ብላ እጄን ያዘችኝ። ክንዷን ይዤ ገፋኋት። አንዴ ነው እትዬ፤ አንዴ ብቻ። ከዚያ ላፕቶፑን ብወስደው ተፈልጎ ይያዛል፤ ብተወው ለምርመራ የሚመጣው እኔው ጋ ነው፤ ባክአፑ የያዘውን እዚህ እጨርሰዋለሁ ብዬ ተውኩት።»

«ከዚያስ የት ሄድክ?»

የኪቦርዱን ገመድ ማስተካከል ጀመረ።

«ረቡዕ ነበር» አለች። «ከዚያ የት ሄድክ?»

«አንቺ ጋ።»

አዎ፤ እሷ ጋ። ሰዓት አሳልፎ መጣ፤ ስብሰባ ነበረብኝ አለ፤ ምግቡ ቀዝቅዞ ስለነበር እንደገና አሞቀችለት። ሁለቴ አስጨምሮ በላ። እሷም ልጁ ዛሬ ምግብ ተስማማው ብላ ደስ ብሏት ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስትሰማ ኖራለች፤ ስትወድቅ ግን ምሳሌው ምንም አላቀለለላትም።

«እትዬ፣ ፋይሉ እኮ የለም» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያለው ቁጥር ብቻ ነው። አንቺ ዝም ካልሽ ሌላ የሚያውቅ የለም። አናጺው ማስረጃ ስለሌለበት ይለቀቃል። ከእኔ ሌላ ማን አለሽ?»

«እናቱን ኮሪደሩ ላይ አይተሃቸዋል?»

«አዎ።»

«ሰላም አልካቸው?»

«ብለውኝ ነበር፤ መለስኩላቸው።»

ለዚህ ነው የጮኸችው። ለሽማግሌው አልጮኸችም፣ ለኤዲተሯም አልጮኸችም። «መለስክላቸው?» ብላ ጮኸች፤ በሩ ላይ የነበሩት ሁለቱ ፖሊሶች ደንግጠው ገቡ። እጆቹን ራሱ ዘረጋላቸው።

*

አናጺው አስር ሰዓት ላይ ተለቀቀ። ኢንስፔክተሯ ይቅርታ ብላ እጇን ዘረጋችለት። እጇን አየው፤ አልጨበጣትም፤ አልፏት ሄደ። እናቱ ግን ምሳ ዕቃቸውን መሬት አስቀምጠው በሁለት እጃቸው ፊቷን ይዘው ሳሟት፤ መረቋት። ያ ከሁሉም የባሰ ሆነባት።

ተረኛው መዝጋቢ ዶክተሩን ፊቱ አስቁሞ ቅጹን ይሞላል። አዲስ ልጅ ነው፤ ማን የማን እንደሆነ አያውቅም። ኢንስፔክተሯ ክሱን ልትፈርም ተራዋን ትጠብቃለች። ስም ጠየቀው፣ ዕድሜ ጠየቀው፣ ሥራ ሲጠይቀው ድምፁ ተቆራረጠ።

«የቅርብ ተጠሪ?» አለ መዝጋቢው።

ዶክተሩ ቅጹን አየ። ወደ እሷ አላየም።

«የቅርብ ተጠሪ የለህም? ስንቅ የሚያመጣልህ፣ ብትታመም የሚነገረው?»

«የለኝም» አለ በመጨረሻ።

ኢንስፔክተሯ ብዕሩን ከጠረጴዛው አነሳች።

«እኔን ጻፍ» አለች።

መዝጋቢው ግራ ገብቶት ቀና አለ። «እርስዎን? ያሰሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ዝምድናውን ምን ልበል?»

«አሳዳጊ በል» አለችው፤ ከዚያም ከሳሽ በሚለው መስመር ላይ ፈረመች።